ክረምቱን ለቢሮ፣ በጋውን ለሜዳ፦ ለአንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ክረምት ኢንተርንሺፕ እንወጣለን። የአምናዎቹን ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ቢሮ ቁጭ ብለው ነው ጊዜውን የጨረሱት። እኔ ሜዳ ወጥቼ መሥራት ነው የምፈልገው። ቀጥሎ የመመረቂያ ጥናት አለብኝ። ቤተሰቦቼ አርሶ አደሮች ስለሆኑ ለፊልድ ገንዘብ አልጠይቃቸውም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የምርምር ድጋፍ የሚሰጥ አካል አለ? የውጭ ዕድልስ? ሃመር (የጂኦሎጂ መዶሻ) እና ኮምፓስስ የግድ መግዛት አለብኝ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ እኔ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነኝ። ኑሮዬም ሥራዬም ባሕር ዳር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችን ስለምቀበል፣ ነገሩ ከተቀባዩ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

መጀመሪያ የአምናዎቹ ለምን ቢሮ እንደቀሩ እንይ። ተማሪዎቹ ሰንፈው አይደለም። ድርጅቶቹም ክፉ ሆነው አይደለም። የወቅት ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ከግማሽ በላዩ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ርብና ጉማራ ሞልተው ይፈስሳሉ። የቁፋሮ ማሽን ዋልካ አፈር ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ማሽን ጋራዥ ገብቶ ይጠገናል። በበጋ ገላጣ የነበረው ድንጋይም ሣርና ጭቃ ለብሷል። ካርታ ልሥራ ብትይ የምትለኪው ነገር አታገኚም።

በዚህ ላይ የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አዲሱ በጀት ወርዶ ነዳጅና አበል እስኪፈቀድ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። አንቺ ደብዳቤ ይዘሽ የምትገቢው ልክ በዚህ መሃል ነው። መኪና የለም፣ አበል የለም፣ መንገድ የለም። ተማሪው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ክረምቱን ለቢሮ ስጪው፤ ሜዳውን በበጋ ፈልጊው። ይህን ስልሽ ተስፋ ቁረጪ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ተማሪ ያላየው ዕድል እዚህ ጋ ነው ያለው። በበጋ ስልካቸው እንኳ የማይገኝ ጂኦሎጂስቶች ክረምት ላይ ከሜዳ ተመልሰው ሪፖርት ይጽፋሉ። በጥር ብትመጪ «ፊልድ ወጥቷል» የምትባይውን ሰው በነሐሴ ጠረጴዛው ላይ ታገኚዋለሽ። ጊዜም አለው፤ ሲጠይቁት ደስ ይለዋል። የበጋውን ሙሉ ሥራም በወረቀትና በናሙና ከፊቱ ዘርግቶ ነው የተቀመጠው።

ከዚህ ሰው ምን ትጠይቂያለሽ? «ምን ልሥራ?» ብለሽ አትጀምሪ። «የጉድጓድ ማጠናቀቂያ ሪፖርቶችን ላደራጅልዎት» በይው። በየውሃ ቢሮውና በየቁፋሮ ድርጅቱ መደርደሪያ ላይ እነዚህ ሪፖርቶች ተቆልለው አሉ። በአንዱ ውስጥ ጉድጓዱ የተቆፈረበት ቦታ፣ ጥልቀቱ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሜትሩ የወጣው የድንጋይ ዓይነት፣ ውሃ የተገኘበት ጥልቀት፣ የፓምፕ ሙከራው ውጤትና የውሃው የላቦራቶሪ ምርመራ ይገኛል። ብዙዎቹ ለአንድ ጉድጓድ ተጽፈው፣ ክፍያ ከተፈጸመባቸው በኋላ ተመልሶ የከፈታቸው የለም። አንቺ አንድ በአንድ ወደ ኤክሴል ብታስገቢያቸው፣ ከዚያም በኪውጂአይኤስ ካርታ ላይ ብታስቀምጪያቸው፣ ሠላሳ አርባ ሲሞላልሽ የአካባቢው የከርሰ ምድር መልክ መታየት ይጀምራል። ኪውጂአይኤስ በነፃ የሚገኝ የካርታ ሥራ ሶፍትዌር ነው። ይህ ብቻውን ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይሆናል፤ ድርጅቱም ያመሰግንሻል።

ሥራው ግን መገልበጥ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንድ ሎግ፣ ማለትም ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ በየጥልቀቱ የተመዘገበበትን ገጽ፣ ስትከፍቺ እንዲህ ያለ ነገር ልታገኚ ትችያለሽ፦ ከላይ ጥቂት ሜትር አፈር፣ ከሥሩ ቀዳዳ የበዛበት ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚፈጥረው ጥቁር ድንጋይ)፣ ከዚያ ድፍን ባዛልት፣ ከዚያ ቀጭን ቀይ ሸክላማ አፈር፣ ከዚያ እንደገና ቀዳዳ ያለው ባዛልት። ያቺ ቀጭን ቀይ ንብርብር ትልቅ ነገር ትናገራለች። አንዱ የላቫ ፍሰት ካበቃ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ድንጋዩ ዝናብና ፀሐይ መትቶት አፈር ለመሆን ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው። በአገራችን ባዛልት ውስጥ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ የፍሰት መገናኛዎች አጠገብና በተሰነጣጠቀው ክፍል ነው። ሪፖርቱ «ውሃ የተገኘበት፦ 62 ሜትር» ቢልና ቀይዋ ንብርብር 60 ላይ ብትሆን፣ ቆም ብለሽ አስቢ። በቀጣዩ ጉድጓድ ላይም እንደዚያው መሆን አለመሆኑን እዪ።

የድንጋይ ስብርባሪ ናሙናዎቹ ካልተጣሉ ደግሞ እነሱንም አሳዩኝ በይ። ከማሽኑ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ጭቃ ነው የሚመስሉት። ጥቂቱን በወንፊት ላይ በውሃ እጠቢው፣ ነጭ ሰሃን ላይ ዘርጊው፣ በሃንድ ሌንስ (በእጅ ማጉያ መነጽር) እዪው። የባዛልቱ ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው ወይስ በነጭ ማዕድን ተሞልተዋል? ነጩ ነገር ካልሳይት ከሆነ የቀጠነ አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ዚዮላይት ከሆነ እንደዚያ አይፈላም። ቀዳዳው ከተደፈነ ድንጋዩ ውሃ አያሳልፍም፤ ሎጉ ላይ «ቀዳዳማ ባዛልት» ተብሎ ቢጻፍም ጉድጓዱ ደረቅ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በዕድሜ ጠና ያለው የባዛልት ክምር ውስጥ የተደፈነው ይበዛል። ከጣና በስተደቡብ ያለው በጣም ወጣቱ ባዛልት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው ክፍት ነው። ይህን ልዩነት በገዛ ዓይንሽ አይተሽ ከተመረቅሽ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገሪው ነገር አለሽ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ በይ። የቆዩ ሪፖርቶች ላይ ያለው ኮኦርዲኔት በአዲንዳን ዳተም ሊሆን ይችላል፤ ዳተም ማለት የቦታ ልኬት የሚነሳበት መነሻ ነው። የድሮዎቹ የአገራችን ቶፖ ካርታዎች በእሱ ነው የተሠሩት። የዛሬው ጂፒኤስ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ነው የሚያነበው። ሁለቱን ሳትለዪ ብትደባልቂያቸው ጉድጓዱ ከእውነተኛ ቦታው 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ድንጋይ ላይ ሊያርፍ ነው ማለት ነው። ባሕር ዳር ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መረብ ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት። ዳተሙ ካልተጻፈ ጠይቂ፤ ካልታወቀም «አልታወቀም» ብለሽ በሠንጠረዡ ላይ መዝግቢ።

ክረምት ላይ ሜዳ መሥራት ጨርሶ አይቻልም እያልኩሽ ግን አይደለም። ክረምት የሚያስፈልገው አንድ ሥራ አለ፤ እሱም የእጅ ጉድጓድ ነው። በከተማዋ ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ብዙ ግቢ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ዝናቡ ሳይገባ በሰኔ መጀመሪያ የውሃው ከፍታ የት ነበር? ነሐሴ ላይስ? መስከረም መጨረሻ ላይስ? ጣና ራሱ ዝቅ የሚለው በሰኔ አካባቢ ነው። የሚሞላው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከሐይቁ 100 ሜትር የራቀ ጉድጓድና 2 ኪሎ ሜትር የራቀ ጉድጓድ በእኩል ፍጥነት ይሞላሉ? ጉድጓዱ ሐይቁን ይቀድማል ወይስ ይከተለዋል? ይህን ለመመለስ የሚያስፈልግሽ ሜትር፣ ደብተርና ከትምህርት ክፍል የተዋስሽው የውሃ ጨዋማነት መለኪያ ብቻ ነው። ወጪው የታክሲና የባጃጅ ነው።

አለካኩን ላሳይሽ። ሜትሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት እሰሪ። የታችኛውን አንድ ሜትር ያህል ጠመኔ ቀቢው። ወደ ጉድጓዱ ቀስ ብለሽ አውርጂውና ውሃ ውስጥ ትንሽ አስገቢው፤ ከጉድጓዱ አፍ ጋር የተስተካከለውን ቁጥር ያዢ። ስታወጪው ጠመኔው የረጠበበትን ቁጥር አንብቢና ከመጀመሪያው ቀንሺ። የቀረው ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ነው። የአፉን ግድግዳ ከፍታ ለብቻው ለኪ፤ አለበለዚያ ሁለት ጉድጓዶችን ማወዳደር አትችይም። ሁልጊዜ በማለዳ፣ ሰው ሳይቀዳ በፊት ለኪ። ቀን ላይ የምትለኪው የጎረቤቱን ባልዲ ነው። የግቢውን ባለቤት ሳታስፈቅጂ እንዳትገቢ። እማማ «ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም» ካሉሽ ተቀመጪ። ጉድጓዱ መቼ እንደተቆፈረ፣ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ፣ ስንት ክንድ ላይ ድንጋይ እንደተገኘ የሚነግሩሽ እሳቸው ናቸው። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሚርቅም ለክተሽ ጻፊ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ሰውየውን ሳታስደነግጪ በአክብሮት ተናገሪ፤ አፍልተው ወይም አክመው እንዲጠጡ ምከሪ።

የት ታንኳኪያለሽ? ባሕር ዳር ውስጥ ሳትወጪ ብዙ በር አለ። የአማራ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራዎች ድርጅት አለ። አማራ ውሃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅት አለ። የክልሉ የውሃና የማዕድን ቢሮዎች፣ የአባይ ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት፣ የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎትም አሉ። አዲስ አበባ ማደሪያ ዘመድ ካለሽ የቀድሞው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት አለ። ብዙ ተማሪ ወርቅ ፍለጋ ላይ ያለ ኩባንያ ካላገኘሁ ብሎ ሲንከራተት አያለሁ። እኔ እንደማየው ከሆነ በጣና ዙሪያ ለጂኦሎጂስት የሚበዛው ሥራ ውሃ፣ ግድብ፣ መንገድና ድልድይ ነው። የቆጋና የርብ ግድቦች፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስና 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ዋሻው፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ፣ እነዚህ ሁሉ ድንጋይ ላይ የቆሙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀመር መሠረቱ በኮር ቁፋሮ ይጠናል፤ ኮር ማለት ከመሬት ውስጥ እንደ ዱላ ድቡልቡል ሆኖ ሳይሰበር የሚወጣ የድንጋይ ናሙና ነው። «የኮር ሳጥን የማይበት ዕድል አለ?» ብለሽ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ ደብዳቤው አንድ ነገር ልበል። ከትምህርት ክፍል የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ለሁሉም አንድ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ሰው ሀብት ክፍል ይገባል፣ ይመራል፣ ይቆያል። አንቺ ከእሱ ጎን የራስሽን አጭር ደብዳቤ ጻፊ። እንዲህ በይ፦ «የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ኪውጂአይኤስ መጠቀም እችላለሁ። በክረምቱ ሁለት ወር ውስጥ በድርጅታችሁ ያሉ የጉድጓድ ሪፖርቶችን ወደ ዲጂታል ሠንጠረዥና ካርታ ማስገባት እፈልጋለሁ። ሥራውን ስጨርስ ሙሉ ፋይሉን ለድርጅቱ አስረክባለሁ። መረጃውን ለመመረቂያ ጥናቴ ለመጠቀም ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።» አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ይህን ይዘሽ የከርሰ ምድር ውሃ ወይም የጂኦቴክኒክ ክፍሉን ኃላፊ በአካል አግኚ። ጊዜው ደግሞ የካቲትና መጋቢት ነው። በሰኔ የሚመጣው ተማሪ ወንበርም ኮምፒውተርም ተይዞ ነው የሚደርሰው።

ክፍያ ይኖራል ብለሽ አትገምቺ። አብዛኛው ኢንተርንሺፕ ያለ ክፍያ ነው። አንዳንዱ ትራንስፖርት ወይም ምሳ ይሸፍናል። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ጠይቂ፤ ማንም አይቀየምሽም። ማደሪያውንም አስቀድመሽ ጨርሺ። ክረምት ላይ ዶርም ለክረምት ተማሪዎች ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ «ኢንተርንሺፕ እዚሁ ከተማ ነው» ብለሽ ከግንቦት ጀምሮ ለተማሪዎች አገልግሎት አመልክቺ።

አሁን ወደ በጋው እንምጣ። ሜዳ ማለት ሩቅ መሄድ አይደለም። አንቺ የምትማሪበት ከተማ የቆመው ጂኦሎጂው ገና ብዙ ጥያቄ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሐይቁ ያረፈበት ተፋሰስ ሦስት ስምጦች የሚገናኙበት ነው፦ የጎንደር፣ የደብረ ታቦርና የደንገል በር። ከሥሩ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰው ወፍራም ባዛልት አለ። በደቡብ በኩል ደግሞ በጣም የቅርብ ጊዜ ላቫ ፈስሶ የውሃውን መውጫ ዘግቷል። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል ደግሞ ከ16 እስከ 17 ሺህ ዓመት በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። ያን የሚያህል ሐይቅ!

ለአንድ ቀን ሥራ ጥስ አባይ በቂ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ከፍ ብሎ የሚወርደው በዚያ ወጣት ባዛልት ላይ ነው። በደረቅ ወራት ውሃው ሲቀንስ የድንጋዩ ፊት ይገለጣል። ስንጥቆቹን ለኪ፣ የፍሰቶቹን ወሰን በፎቶ ላይ አስምሪ፣ ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚለዋወጡ በደብተርሽ ላይ ንደፊ። የቀይ አሽ ማውጫዎችና የኮብልስቶን ድንጋይ የሚፈለጥባቸው ቦታዎች ደግሞ ሌላ ሰው ቆፍሮ የከፈተልሽ አውትክሮፕ (ድንጋዩ ተገልጦ የሚታይበት ቦታ) ናቸው። ዘበኛውን አናግሪ፤ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ለኪ። በእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ በፍንዳታ የተፈጠረ ገሞራ አፍ ነው። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወርደው የአባይ በረሃ መንገድ ላይ ደግሞ አሸዋ ድንጋዩን፣ ጂፕሰሙን፣ ኖራ ድንጋዩንና ከላይ የተቀመጠውን ባዛልት በአንድ ቁልቁለት ታያለሽ። እሱን ግን ከትምህርት ክፍሉ ጋር ነው የምትሄጂው።

የጸጥታውን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። የጥናት ቦታሽን ስትመርጪ «ከከተማዋ በአንድ ቀን ደርሼ እመለሳለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከድንጋዩ ይቀድማል። መታወቂያና ደብዳቤ ሳትይዢ አትውጪ። የምትሄጂበትን ቀበሌ አስቀድመሽ አሳውቂ። ካርታና ጂፒኤስ ይዞ በማያውቁት መንደር የሚዞር ሰው ያስጠረጥራል፤ የአካባቢው ሰው አብሮሽ ይሁን። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሺ። መንገዱ ጥሩ አይደለም ከተባልሽ ቅሪ። በሳተላይት ምስል የሚሠራ ጥናት አለ። ላንድሳትና ሰንቲኔል በነፃ ይገኛሉ። የላንድሳት ምስሎች እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ወደኋላ ይሄዳሉ። የጣና ዳርቻ የት እንደሸሸ፣ የርብና የጉማራ አፍ ደለል ምን ያህል ወደ ሐይቁ እንደገባ ከዶርምሽ ሆነሽ መለካት ትችያለሽ።

የምርምር ገንዘቡን በተመለከተ ግልጽ ልሁንልሽ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በስሟ የሚሰጥ ገንዘብ እዚህ አገር ጥቂት ነው። ገንዘብ ግን ዙሪያሽን አለ፤ በሌላ ሰው ስም ነው ያለው። መምህራንሽ የምርምር ፕሮጀክት አላቸው። ማስተርስና ፒኤችዲ የሚሠሩ ተማሪዎች ለፊልድ በጀት ይዘው ይወጣሉ። መኪናው ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር አይጠፋም። ናሙና የሚሸከም፣ የሚጽፍ፣ ኮኦርዲኔት የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ በራስሽ ርዕስ ላይ ብቻ ሙጭጭ አትበይ። «የእርስዎ ጥናት አካባቢ ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል ልሥራ?» ብለሽ ጠይቂ። የጉዞው ወጪ፣ ላቦራቶሪውም ሳይቀር በዚያው ሊሸፈን ይችላል።

ስትጠይቂም ገንዘብ አትጠይቂ፤ ዕቃና አገልግሎት ጠይቂ። «5,000 ብር ይሰጠኝ» ለማለት ብዙ ፊርማ ያስፈልጋል። «ሰኞ ወደ መርዓዊ በሚሄደው መኪና ልሳፈር» ለማለት ግን የአንድ ሰው ፈቃድ ይበቃል። ጨዋማነት መለኪያውን ለሁለት ሳምንት ተዋሺ። የአምስት ናሙና ምርመራ በተቋሙ ላብራቶሪ እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፊው፦ የት፣ ስንት ቀን፣ ምን ዕቃ፣ ከማን። ያ አንድ ገጽ የበሰለ ተማሪ መሆንሽን ያሳያል።

ላቦራቶሪም ከሌለ አትቁሚ። የዋልካ አፈር እብጠት በብርጭቆ ነው የሚለካው። 10 ሲሲ ደረቅና የተነፋ አፈር 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ መስመር ሲሊንደር ውስጥ ትጨምሪያለሽ፣ ውሃ ትሞያለሽ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ታነቢያለሽ። አፈሩ 18 ላይ ከደረሰ 80 በመቶ አብጧል። ከ100 በመቶ የሚያልፍ አፈር ላይ የሚሠራ ቤት ግድግዳው እንዲሰነጠቅ መጠበቅ ነው። ከተማዋ በምትሰፋበት አቅጣጫ ሃያ ቦታ ላይ ይህን ብትሠሪ፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ካርታ ይወጣዋል።

የውጭውን ዕድል ባጭሩ ልንገርሽ፤ ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው አብዛኛው ሊንክ ለአንቺ አይሆንም። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን አርኢዩ የሚባለው የክረምት ምርምር ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ ራይዝ የሚባለውን ለሰሜን አሜሪካ፣ ለብሪታንያና ለአየርላንድ ተማሪዎች ነው የሚሰጠው። ሌሎች ብዙዎቹ ማስተርስ ለጀመረ ሰው ናቸው። እነሱን ስትሞዪ ጊዜሽን አትጨርሺ። ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ከሆኑት ውስጥ የሳዑዲው ካውስት ዩኒቨርሲቲ የእንግዳ ተማሪዎች ፕሮግራም አለ። የምድር ሳይንስ ክፍል አለው፤ ወጪሽን ይሸፍናል፤ ግን ከፍተኛ ነጥብ ይፈልጋል። የኦስትሪያው የምርምር ተቋም ኢስታም የክረምት ልምምድ አለው። የትኛውም ማመልከቻ «መጀመሪያ ክፈይ» ካለሽ ተዪው።

በቡድን ደግሞ የተሻለ ዕድል አለ። የኢኮኖሚክ ጂኦሎጂስቶች ማኅበር በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የተማሪ ክበቦቹ ለፊልድ ጉዞ ድጋፍ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። አማካሪ መምህርና ጥቂት ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ካሉ ማቋቋም ይቻላል። የአፍሪካ ሴት የምድር ሳይንቲስቶች ማኅበርም አለ፤ ተቀላቀዪው።

ሴት ስለሆንሽ ደግሞ እንደ ታላቅ እህት ልምከርሽ። ለብቻሽ ሜዳ አትውጪ። ሌላ ሴት ተማሪ ያለችበት ቡድን ምረጪ፤ ካልሆነ ጠይቀሽ አስጨምሪ። ማደር የሚኖር ከሆነ የማደሪያው ክፍል ለብቻ መሆኑን ከመነሳትሽ በፊት አረጋግጪ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ጥሩ አማካሪም ሳትጠይቂው ያስባል። የማይመች ነገር ከገጠመሽ ለነጥብ ብለሽ አትሸፋፍኚ፤ ለትምህርት ክፍሉ ወይም ለሴቶች ጉዳይ ቢሮ ተናገሪ። ሌላው የጤና ነው። በሐይቁ ዳርና በረግረጉ ባዶ እግርሽን አትግቢ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ዝናብ እንዳበቃ ወባ ይበዛል፤ አጎበር ያዢ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ወደ ደንገሉ አትጠጊ። የሞላ ወንዝ አትሻገሪ።

ሃመርና ኮምፓስ አትግዢ። ከትምህርት ክፍሉ ፈርመሽ ተዋሺ። ገንዘብ ካገኘሽ መጀመሪያ የምትገዢው 10 ጊዜ የሚያጎላ ሃንድ ሌንስና ጠንካራ ጫማ ነው። የግንበኛ መዶሻ ግን ለባዛልት እንዳትጠቀሚ፤ ብረቱ ተሰንጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ትክክለኛው ሃመር ቢሆንም ስትመቺ መነጽር አድርጊ። የስልክ ኮምፓስ ለመለማመድ ይሆናል። ባዛልት ላይ ግን መርፌውም ስልኩም ይሳሳታሉ፤ ድንጋዩ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የማግኔትነት ባሕርይ ያለው ማዕድን ስላለ። ስለዚህ ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ አታሳርፊው። ደብተርሽን በንብርብሩ አቅጣጫ ያዢ፣ ጥቂት ፈቀቅ ብለሽ አንብቢ፣ ከሌላ ቦታ ደግመሽ አነጻጽሪ። ሁለቱ ካልተቀራረቡ ሁለቱንም ጻፊ።